ጋይዴፕ ምንድን ነው? ስለ ብልሹና ፎርጅድ ዕቃ መረጃ መለዋወጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ በኤሌክትሮኒክስ መገጣጠሚያ፣ በማሽን ሾፕና በአውሮፕላን ጥገና የሚሠራ የሀገር ልጅ ብዙ ነው። እኔም አንዱ ነኝ። የምውለው ዕቃ መረከቢያ ክፍል ነው፤ የገባውን ዕቃ አያለሁ፣ እለካለሁ፣ ከወረቀቱ ጋር አመሳክራለሁ፣ ከዚያ ወይ አሳልፋለሁ ወይ አስቀራለሁ። "መሥሪያ ቤታችን ጋይዴፕ ፈትሹ ይለናል፤ ምን ማለት ነው?" የሚል ጥያቄ ከብዙ ሰው መጣብኝ። ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው አልኩ። ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጋይዴፕ ምንድን ነው?

የአሜሪካ መንግሥትና ለመንግሥት ዕቃ የሚያቀርቡ ኩባንያዎች ስለ ዕቃ የሚያውቁትን የሚለዋወጡበት ፕሮግራም ነው። ስሙ ሲፈታ "የመንግሥትና የኢንዱስትሪ የመረጃ ልውውጥ ፕሮግራም" ማለት ነው። ዕቃ ስል ከብሎን እስከ ቺፕ፣ ከአሉሚኒየም እስከ ባትሪ ሁሉንም ነው። አንድ ኩባንያ የገዛው ቫልቭ በአንድ ሎት (አንድ ላይ በተመረተ ዕቃ) ላይ እየተሰነጠቀ ካስቸገረው ጽፎ ያስገባል። ያንኑ ቫልቭ መደርደሪያው ላይ የደረደረ ሌላ ኩባንያ ያነበዋል፣ ባሕር ኃይሉም ያነበዋል፣ ናሳም ያነበዋል። አለቀ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሥራው ለብዙ አሥርት ዓመታት የተመራው ከካሊፎርኒያዋ ኮሮና ከተማ ነው። አባል ለመሆን ክፍያ የለውም።

መቼ ተጀመረ? ለምንስ አስፈለገ?

በ1959። ጊዜው የሚሳይል ዘመን ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር፣ ባሕር ኃይልና አየር ኃይል እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ባለስቲክ ሚሳይል እየሠሩ ነበር። የሚገዙት ዕቃ ግን አብዛኛው ተመሳሳይ ነው። አንዱ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሦስት ቦታ ይፈተሻል። ሦስት የተለያየ ጠረጴዛ ላይ ይናጣል፣ ሦስት የተለያየ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል፣ ከዚያ ሦስት ሪፖርት ይጻፍና ሦስት ካቢኔ ውስጥ ይቆለፍበታል። አንዱ ያወቀውን ሌላው አያውቅም። ገንዘቡም ጊዜውም ሦስት እጥፍ ይሄዳል።

ስለዚህ የፍተሻ ውጤታቸውን ሊለዋወጡ ተስማሙና ኢዴፕ የሚባለውን ጀመሩ። በ1966 ናሳና የካናዳ ወታደራዊ ኤሌክትሮኒክስ ደረጃ አውጪ መሥሪያ ቤት ገቡበት። በ1970 አሁን የምናውቀውን ስም ያዘ።

ከዚያ በፊት የነበረውንም ማወቅ ጥሩ ነው። የዚያ ዘመን ኤሌክትሮኒክስ በቫኪዩም ቱቦ የሚሠራ ስለነበር ራዳሩም ሬዲዮውም ከሚሠራበት ጊዜ ይልቅ የሚጠገንበት ጊዜ እየበዛ ሠራዊቱን አማሮት ነበር። በ1952 መንግሥትና አምራቾች አንድ ላይ የተቀመጡበት አግሪ የሚባል ቡድን ተቋቁሞ በ1957 ሪፖርቱን አወጣ። አስተማማኝነት በምኞት ሳይሆን በቁጥር የሚለካ፣ በውል የሚጠየቅ ነገር መሆን የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል።

ውስጡ ምን ምን ዓይነት መረጃ አለ?

በሰፊው የሚታወቀው የብልሽት ማስጠንቀቂያው ነው። አለርት የሚባለው ዕቃው ከባድ ጉድለት እንዳለበት ሲታወቅ ይወጣል። ሴፍ-አለርት የሚወጣው ጉድለቱ ሰው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሲሆን ነው፤ ይሄን ያየ ሰው ቡናውን አስቀምጦ ወደ መጋዘን ይሂድ። ነገሩ ገና ተጣርቶ ካላለቀ ደግሞ ፕሮብለም አድቫይዘሪ ይወጣል።

ከዚያ ውጪ የፍተሻ ሪፖርት አለ፣ የመለኪያ መሣሪያ አስተካከል መረጃ አለ፣ የአስተማማኝነት መረጃ አለ፣ "ይህን ዕቃ ማምረት ልናቆም ነው" የሚል የአምራች ማስታወቂያ አለ።

እኔ የምወደው ግን አስቸኳይ የመረጃ ጥያቄ የሚሉትን ነው። አንድ ዕቃ ቸግሯችሁ፣ ወይም አንድ ብልሽት ግራ ገብቷችሁ ከሆነ ለአባላቱ ሁሉ ጥያቄ ትልካላችሁ፦ "ይሄ የገጠመው አለ?" ብላችሁ። ድሮ እናቶቻችን ማለዳ ምድጃቸው ጠፍቶ ሲያድር ጎረቤት ሄደው እሳት ይጭሩ ነበር አይደል? እንደዚያ ነው። ዛሬ የጫረ ነገ ያስጭራል።

አንድ ኩባንያ ያወቀውን ለተፎካካሪው ለምን ይናገራል?

ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ እኔም መጀመሪያ ስገባ ጠይቄ ነበር።

መልሱ ገበያው ላይ ነው ያለው። ተፎካካሪ የምንለው ሰው ዕቃ የሚገዛው እኛ ከምንገዛበት ነው። ያው አከፋፋይ፣ ያው ፋብሪካ፣ አንዳንዴም ያው ሎት ነው። እሱ ጋ የተሰነጠቀው ቫልቭ ወንድሙ እኔ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እሱ ዝም ካለ እኔ ገጥሜው ልኬው፣ ሰው ተሳፍሮበት፣ ከዚያ ነው የማውቀው። እኔም ዝም ካልኩ እሱ እንደዚያው። ሁላችንም ዝም ካልን ደግሞ አምራቹ ችግሩ መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ አምስት ደንበኛ አምስት የተለያየ ጊዜ ሁለት ሁለት ዕቃ ቢመልስለት "አጋጣሚ ነው" ብሎ ነው የሚያልፈው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለሰው ብቻ አይመስለኝም።

ደግሞ የሚለዋወጡት ምስጢር አይደለም። የኩባንያ የንግድ ምስጢርም ሆነ በመንግሥት ምስጢር የተባለ ነገር እዚያ አይገባም። የሚገባው የዕቃው ቁጥር፣ የሎቱ ቁጥር፣ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደታወቀ ነው።

እንደ እድር አስቡት። እድርተኛ ሆኖ ለቅሶ የማይደርስ ሰው ስሙ መዝገብ ላይ አለ እንጂ አባል ነው አይባልም። ጋይዴፕም አባላቱን በየዓመቱ "መረጃውን ምን ላይ አዋላችሁት? ምን አተረፋችሁበት?" ብሎ ሪፖርት ይጠይቃል። ብዙ ኩባንያ ይሄን ወረቀት እንደ ጣጣ ያየዋል። ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ የአንድ ሰዓት ንባብ የስንት ወር ጥገና እንደሚያድን የሚታየው ያን ሲሞሉ ነው።

አቅራቢው ሰርቲፊኬት ልኮልኛል። ከዚያ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ናሳ ፌብሩዋሪ 24, 2009 የከባቢ አየርን ካርቦን የሚለካ ሳተላይት ቶረስ ኤክስኤል በሚባል ሮኬት አመጠቀ። ሮኬት አናቱ ላይ ሳተላይቱን የሚሸፍን ቆብ አለው፤ ከአየሩ ከወጣ በኋላ ቆቡ ለሁለት ተከፍሎ መውደቅ አለበት። አልወደቀም። ሮኬቱ የቆቡን ክብደት ተሸክሞ ምሕዋር መድረስ ስላቃተው ሳተላይቱ ውቅያኖስ ገባ። መርማሪዎች ሥራቸውን ሠሩ፣ ማስተካከያ ተደረገ። ማርች 4, 2011 ግሎሪ የሚባለው ሳተላይት በዚያው ዓይነት ሮኬት ተነሣ። ቆቡ እንደገና አልተላቀቀም። እሱም ውቅያኖስ ገባ።

ዓመታት ፈጅቶ የተገኘው ምክንያት አሉሚኒየም ነው። ቆቡ ሲላቀቅ መሰንጠቅ ያለበት መጋጠሚያ የተሠራበት አሉሚኒየም ሳፓ ፕሮፋይልስ ከሚባል ኩባንያ የመጣ ነበር። ብረቱ ምን ያህል ሲሳብ እንደሚበጠስ የሚያሳየው የፍተሻ ውጤት ኩባንያው ውስጥ እየተቀየረ ይጻፍ ነበር። የወደቀው "አለፈ" ይባላል፣ ሰርቲፊኬት ይታተማል፣ ይላካል። ይህ ለ19 ዓመት ቀጥሏል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ደንበኞች ሐሰተኛ ወረቀት ደርሷቸዋል። ናሳ በ2019 እንደገለጸው የሁለቱ ሳተላይቶች መጥፋት ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሣራ ነው፤ ኩባንያው 46 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የሳይንቲስቶቹን ዓመታት ማን ይመልሳል?

ወረቀቱ ትክክል ይመስል ነበር። ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ቁጥሩም ከሚፈለገው በላይ ነው። ከመቶዎቹ ደንበኞች እያንዳንዱ የሚያየው የራሱን አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ጎን ለጎን ቢቀመጡ ብዙ ነገር ይናገራሉ፤ ጎን ለጎን የሚያስቀምጣቸው ሰው ግን ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ሰርቲፊኬት ብቻውን አይበቃም የምለው።

ፎርጅድ ቺፕ እውነት ይሄን ያህል ችግር ነው?

ነው። በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንድ ጠዋት 200 ቺፕ መጣልን። ማሸጊያው አዲስ፣ መለያው ጥርት ያለ። ዕቃው ከፋብሪካ መውጣት ካቆመ ቆይቷል፤ ስለዚህ በደላላ ነበር የተገዛው። አንዱን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁት። ፊቱ ላይ በአንድ አቅጣጫ የሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች አየሁ። አንደኛውን እግር የሚያመለክተው ጎድጓዳ ነጥብ በአንዱ ጥልቅ ነው፤ በሌላው ሞልቶ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ጥጥ በአሴቶን ነክሬ ቀስ ብዬ ጠረግኩት። ጥጡ እንደ ኩል ጠቆረ። ከቀለሙ ሥር የሌላ ቺፕ ቁጥር ብቅ አለ፤ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ጥላው ብቻ የቀረ።

የሚያስፈራው ክፍል ገና ነው። ያ ቺፕ ቦርዱ ላይ ቢሰካ ይሠራል። መብራት ይበራል፣ ፍተሻ ያልፋል። ከአሮጌ ቦርድ ላይ በእሳት ተነቅሎ፣ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ቀለም ተቀብቶ የመጣ ዕቃ ውስጡ ምን ያህል እንደተጎዳ ግን የሚታወቀው ብርድ ላይ፣ ሙቀት ላይ፣ ከፍታ ላይ ሲደርስ ነው።

ብዙው ዕቃ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ በዓለም ከተጣለ ኤሌክትሮኒክስ ነው። በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት ያለችው ጉዪዩ ለብዙ ዓመት በዚህ ስሟ ተነሥቷል። የአሜሪካ ሴኔት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ሜይ 2012 ባወጣው ሪፖርት በ2009 እና በ2010 ብቻ 1,800 ያህል የተጠረጠሩ የፎርጅድ ዕቃ አጋጣሚዎች ማግኘቱን፣ ዕቃዎቹም በድምሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ገልጿል። መነሻቸውን ተከታትሎ ከደረሰባቸው ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከቻይና ነበሩ። ሲ-130ጄ የጭነት አውሮፕላን ላይ፣ ፒ-8 የባሕር ቃኚ ላይ ሳይቀር ተገኝተዋል።

እኔን ያሳዘነኝ ግን ሌላው ነው። ከእነዚያ አጋጣሚዎች አብዛኛዎቹ ለመንግሥት አልተነገሩም ነበር። ያገኘው ሰው አውጥቶ ጥሎ፣ ሌላ ገዝቶ ቀጥሏል። መናገሪያው እኮ ያኔ 50 ዓመት ሆኖት ነበር።

ፎርጅድ ያልኩትን ዕቃ ለሻጩ መልሼ ገንዘቤን ልቀበል?

አይሆንም! በፍጹም። ደላላው ገንዘባችሁን በደስታ ይመልስላችኋል፤ ዕቃውን ደግሞ በማግስቱ ለሌላ ይሸጠዋል። እናንተ ተረፋችሁ፣ ጎረቤታችሁ ተበላ።

ዕቃውን ለዩት፣ ምልክት አድርጉበት፣ ቆልፉበት። ከዲሴምበር 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የፌዴራል ግዢ ደንብ አለ። በሁሉም ውል ላይ የለም፤ የንግድ ገበያ ዕቃ በሚባሉት ግዢዎች ላይ አይሠራም። ውላችሁ ውስጥ ካለ ግን በእጃችሁ ያለውን ፎርጅድ ወይም የተጠረጠረ ዕቃ መንግሥት ምን እንደሚደረግ እስኪነግራችሁ ይዛችሁ ትቆያላችሁ፤ ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለውል ኃላፊው ታሳውቃላችሁ። ዕቃው ሌላውም ሰው የሚጠቀምበት ዓይነት ከሆነ በዚያው 60 ቀን ውስጥ ጋይዴፕ ላይም ይገባል። ፎርጅድ ያልሆነ ከባድ ጉድለትም እንደዚያው ነው። ደግሞ የወጡትን ማስጠንቀቂያዎች ከራሳችሁ ዕቃ ጋር ማመሳከር ግዴታችሁ ነው። "መሥሪያ ቤታችን ፈትሹ ይለናል" ያላችሁኝ ነገር ምንጩ ይኸው ነው።

60 ቀን ብዙ ይመስላል። ላቦራቶሪ ተልኮ፣ ውጤት ተጠብቆ፣ አለቃ ፈርሞ፣ ጠበቃ አይቶ እስኪያልቅ ግን ይሄዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩ።

ስሙን የጠራሁት አቅራቢ ቢከሰኝስ?

ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ብዙ ኩባንያ ዝም የሚለው በዚህ ነው።

ሁለት ነገር ልበላችሁ። አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያ ዝም ብሎ አይወጣም። ረቂቁ መጀመሪያ ለአምራቹ ወይም ለሻጩ ይላካል፤ መልስ የሚሰጥበት 15 የሥራ ቀን አለው። መልሱም ከሪፖርቱ ጋር አብሮ ይወጣል። ይሄ ፍትሐዊ ነው፤ አንዳንዴ ጥፋቱ የአምራቹ ሳይሆን የእኛው አያያዝ ሆኖ ይገኛልና። ሁለተኛ፣ ዲሴምበር 31, 2011 የተፈረመው የመከላከያ በጀት ሕግ ለወታደራዊ ግዢ የሚቀርብን ፎርጅድ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በጽሑፍ ያሳወቀ ሰው፣ ዕቃው ፎርጅድ መሆኑን ለማጣራት በቂ ጥረት አድርጎ ከሆነ፣ በማሳወቁ ምክንያት በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ እንዳይሆን ከለላ ይሰጣል።

ስለዚህ ያያችሁትን ጻፉ እንጂ የገመታችሁትን አትጻፉ። "ይህ ሻጭ አጭበርባሪ ነው" አይባልም። "በዚህ ቀን የተረከብነው፣ ይህ ሎት ቁጥር ያለው፣ በአሴቶን ሲጠረግ ቀለሙ ለቀቀ፣ ከሥሩ ይህ ቁጥር ታየ" ይባላል። የጠበቃውን ሥራ ለጠበቃ ተዉለት።

ኤምቲቢኤፍ 100,000 ሰዓት ይላል። 11 ዓመት ይሠራል ማለት ነው?

አይደለም። ይሄ ስሕተት መሐንዲሶችም ዘንድ አለ።

ኤምቲቢኤፍ በአንድ ብልሽትና በሚቀጥለው መካከል ያለው አማካይ የሥራ ሰዓት ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ብዙ ዕቃ ነው፤ ስለ አንዷ አይደለም። 1,000 መሣሪያ ቀንና ሌሊት ለአንድ ዓመት ቢሠራ እያንዳንዱ 8,760 ሰዓት ይሠራል። በድምሩ 8,760,000 ሰዓት ነው። ለ100,000 ሲካፈል በዓመት 88 ያህል ብልሽት ጠብቁ ማለት ነው። የብልሽቱ መጠን ሳይለዋወጥ ቢቀጥል ደግሞ፣ ከእነዚያ መሣሪያዎች 100,000 ሰዓት የሚደርሱት 37 በመቶ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ይበላሻሉ።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣም ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሚል-ሃንድቡክ-217 ከሚባለው የወታደራዊ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ለመጨረሻ ጊዜ የተሻሻለው በ1995 ነው። ዛሬ የምንገጥመው ቺፕ ያኔ አልተፈጠረም። ለማወዳደር ይጠቅማል፤ ለመተማመን ግን ሜዳ ላይ የዋለ ዕቃ ስንት ሰዓት ሠርቶ ስንቴ ተበላሸ የሚለው እውነተኛ መዝገብ ይበልጣል። ያ መዝገብ ያለው ደግሞ የሚጠቀምበት ሰው ጋ ነው። ተጠቃሚው ካልነገረው አምራቹ አያውቀውም።

ዕቃው መመረት ሲያቆምስ?

ቢ-52 የሚባለውን ቦምብ ጣይ አስቡት። የመጨረሻው ከፋብሪካ የወጣው በ1962 ነው፤ አሁንም ይበራል፣ ገና ብዙ ዓመት እንዲበር ታቅዷል። ቺፕ የሚሠራ ኩባንያ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ አዲሱ ምርት ይዞራል። ለእሱ ወታደሩ ትንሽ ደንበኛ ነው።

ስለዚህ "ልናቆም ነው፣ የመጨረሻ ትዕዛዛችሁን አስገቡ" የሚለው ማስታወቂያ በጊዜ ከደረሰ ለዓመታት የሚበቃችሁን ኦሪጅናሉን ገዝታችሁ ታስቀምጣላችሁ። ካለፋችሁ የሚቀረው ደላላ ነው። ከላይ ያልኳችሁ 200 ቺፕ እንዴት እንደመጣ አሁን ገባችሁ። ያ ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር፤ እኛ ጋ ያነበበው ሰው አልነበረም።

ኢትዮጵያ ያለ ኩባንያ አባል መሆን ይችላል? ለእኛስ ምን ያገባናል?

አባልነቱ ለአሜሪካና ለካናዳ ነው። ኢትዮጵያ ያለ ድርጅት አይገባም፤ አባል የሆነ ሰውም መረጃውን አውጥቶ ለዘመድ መላክ አይችልም። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ።

ያገባናል ወይ ለሚለው ግን አዎ፣ በጣም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው። ይሄን ስጽፍ አሁንም እጄ ይከብደኛል። አፍንጫውን ወደ ታች የገፋው ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር በአንድ ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ ብቻ መነሣት ይችል ነበር፤ አብራሪዎች በሚይዙት መመሪያ ውስጥ አልተጻፈም ነበር። በአውሮፕላኑ ግራና ቀኝ ያሉት ሴንሰሮች ሳይስማሙ ሲቀሩ ለአብራሪው የሚናገር ማስጠንቀቂያ ነበረ። ያ ማስጠንቀቂያ የሴንሰሩን ንባብ የሚያሳየውን አማራጭ ማሳያ ያልገዙ አየር መንገዶች ጋ እንደማይሠራ የቦይንግ መሐንዲሶች በ2017 ደርሰውበታል። አየር መንገዶቹም የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኤፍኤኤም የሰሙት ኦክቶበር 29, 2018 የላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው ይዞ ከወደቀ በኋላ ነው። ኤፍኤኤም በበኩሉ በዚያው ዲሴምበር ውስጥ ባደረገው ስሌት፣ ካልተስተካከለ የዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች በሙሉ በአገልግሎት ዘመናቸው 15 ያህል እንደዚያ ያለ አደጋ ሊገጥማቸው እንደሚችል አግኝቷል። ሕዝብ ይሄን ስሌት የሰማው ከአንድ ዓመት በኋላ ኮንግረስ ፊት ነው። በመካከሉ አውሮፕላኖቹ ይበሩ ነበር። በሁለቱ አደጋዎች መካከል ከአራት ወር በላይ አለ። አራት ወር! ያ መረጃ ቦሌ ቢደርስ ኖሮ እያልኩ የማላስብበት ቀን የለም።

ሌላም አለ፣ ገልፍ ሀገር ያላችሁ ይሄን ልብ በሉ። በ1999 ፎርድ በሳዑዲ ዓረቢያና በአካባቢው ባሉ ኤክስፕሎረር መኪኖቹ ላይ የፋየርስቶን ጎማ መቀየር ጀመረ፤ ጎማው በሙቀት ንጣፉ ይላቀቅ ነበር። ያን ጊዜ ሕጉ ውጭ ሀገር የተደረገን ቅየራ ለአሜሪካ መንግሥት አሳውቁ አይልም። አሜሪካ ውስጥ 6.5 ሚሊዮን ጎማ የተጠራው ኦገስት 2000 ላይ ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው እየሞተ። ከዚያ ኖቬምበር 1, 2000 ትሬድ የሚባለው ሕግ ወጣና አምራቾች ውጭ ሀገር የሚያደርጉትን ጥሪ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያሳውቁ ተደረገ። ሪያድ መንገድ ላይ የፈነዳ ጎማ ቴክሳስ ያለ ሰው ሊያድን ይችላል፣ የተነገረ እንደሆነ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ የእኔ ነገር ተቀባይነት ይኖረዋል?

ይኖረዋል። ሪፖርቱን አንተ ወይም አንቺ አትጽፉትም። እያንዳንዱ አባል ኩባንያ ለዚህ የሰየመው ተወካይ አለው፤ እሱ ነው ጽፎ የሚያስገባው። ማን እንደሆነ የጥራት ክፍላችሁን ጠይቁ። "አናውቅም" ካሏችሁ ደጋግማችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ተወካዩ ሥራ ለቆ ከሄደ በኋላ የሚተካው ይረሳል።

የእናንተ ድርሻ ሌላ ነው። ዕቃውን በእጁ የያዘው እናንተ ናችሁ። የዕቃውን ቁጥር፣ የሎቱን ቁጥር፣ ዴት ኮዱን (መቼ እንደተመረተ የሚናገረውን ቁጥር)፣ ከየትኛው ሣጥን እንደወጣ ጻፉ። ፎቶ አንሡ፣ ማስመሪያ ጎኑ አስቀምጣችሁ። ጥጡን አትጣሉት፤ ፕላስቲክ ውስጥ አሽጋችሁ ያዙት። ያኔ እኔ የጻፍኩት አምስት መስመር የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነበር። አለቃዬ አንብቦ ሲጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "የቀሩት 199ኙ የት አሉ?"